ትከሻዋ ሰፊ ለሆነ ሴት ልብስ አመራረጥ፦ ከልኬት እስከ ልብስ ሰፊው ቤት

ትከሻቸው ሰፋ የሚል ሴቶች ልብስ ሲገዙ በብዛት የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ትከሻው እንዲገባላቸው ብለው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ይወስዱና እንዳለ ይለብሱታል። ትከሻው ይመቻል፤ ወገቡና ጀርባው ግን ሰፍቶ ይንዘረፈፋል። ሰውነት ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚታይ ትከሻው ከቀድሞው ይበልጥ ይገዝፋል። ሌሎች ደግሞ በወገባቸው ልክ ይገዙና ብብት ላይ የሚያንቅ፣ እጅ የማያስነሳ ልብስ ይዘው ይመለሳሉ።

ትከሻን ለመደበቅ መሞከር አያዋጣም። የሚያዋጣው ሦስት ነገር በቅደም ተከተል መሥራት ነው፦ ልብሱ ትከሻ ላይ በልኩ ይቀመጥ፣ ከዚያ ወገቡ በልብስ ሰፊ ይጥበብ፣ ከዚያ ስፋት ከዳሌ በታች ይጨመር። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣውን ደረጃ 1፣ መለካቱን፣ አትዝለዪ፤ እዚያ የምትጽፊያቸው ቁጥሮች እስከ መጨረሻው ያስፈልጉሻል።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- የልብስ ሰፊ ሜትር። የግንበኛ ብረት ሜትር አይሆንም፤ አይጠመዘዝም።
- የምትለካሽ ሌላ ሴት። የራስን ትከሻ ራስ መለካት አይቻልም፤ እጅ ሲነሳ ልኩ ይለወጣል።
- ስስ ካናቴራ፣ ብዙ ጊዜ የምታደርጊው ጡት መያዣ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- አራት መርፌ ቁልፍ።
- ቤትሽ ካለው ልብስ ሁሉ ትከሻሽ ላይ በደንብ የሚቀመጠው አንድ ልብስ።

ደረጃ 1፦ መለካት

በሹራብ ላይ አትለኪ። በደሴ ብርድ ሹራብ ማውለቅ ቢከብድም፣ ወፍራም ሹራብ ልኩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያሳብጠዋል፤ በዚያ ልክ የተገዛ ልብስ ትከሻሽን አልፎ ይወርዳል።

1. የትከሻ ወርድ። መጀመሪያ የትከሻሽን አጥንት ጫፍ አግኚ። ክንድሽን ወደ ጎን እስከ ትከሻ ከፍታ አንሺ፤ አጥንቱ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይታያል። ጣትሽን እዚያ አድርጊና ክንድሽን አውርጂ። ለኪዋ ከአንዱ ጫፍ ተነስታ በጀርባ በኩል፣ ከአንገት ሥር ባለው አጥንት ላይ አሳልፋ፣ እስከ ሌላው ጫፍ ትለካ።
2. የትከሻ ዙሪያ። ሁለቱ እጆችሽ ወደ ታች እንደተንጠለጠሉ፣ ሜትሩ ትከሻና ክንድን አንድ ላይ አቅፎ በሰፊው ቦታ ይዙር። ከፊትም ከኋላም በእኩል ከፍታ መሆኑን አረጋግጡ።
3. የጀርባ ወርድ። ከአንገት ሥር አጥንት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ ክንድ ከጀርባ ጋር ከሚታጠፍበት መስመር እስከ ሌላው።
4. ደረት፣ ወገብና ዳሌ። ደረትና ዳሌ በሰፊው ቦታቸው ይለኩ፤ ወገብ በጠባቡ።
5. የክንድ ዙሪያ፣ ከብብት ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ሲለኩሽ ትከሻሽን አታንሺ፣ አየርም ስበሽ አትያዢ። ሁለቴ አስለኪ፤ በሁለቱ መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ከመጣ ሦስተኛ ጊዜ ይለካ።

አሁን የትከሻ ዙሪያሽን ከዳሌሽ ጋር አወዳድሪ። ለምሳሌ ትከሻ 108፣ ዳሌ 98 ቢሆን ልዩነቱ 10 ነው፤ 10ን ለ98 ስታካፍዪ 10 በመቶ ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ከዳሌ በታች ስፋት መጨመር ይረዳሻል። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ሰፊ ጉርድ አያስፈልግሽም፤ ወገብ ማሳየት ብቻ ይበቃል። ዳሌሽ ከበለጠ ደግሞ ችግሩ ትከሻ ላይሆን ይችላል፤ ቀጣዩን ደረጃ በጥንቃቄ አንብቢ።

ደረጃ 2፦ የሰፋው የትኛው እንደሆነ መለየት

"ትከሻዬ ሰፊ ነው" የምትል ሴት ሁሉ ችግሯ አንድ አይደለም። መፍትሔውም ስለሚለያይ ልብስ ከመምረጥሽ በፊት ይህን ወስኚ።

*አጥንቱ ራሱ ሰፊ ከሆነ* የልብስ ትከሻ ስፌት ሁልጊዜ ወደ አንገትሽ ገባ ብሎ ይቀራል፣ እጅጌውም ጫፉ ላይ ይሳባል። ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለዚህ ነው።

*ክንድ ሞላ ያለ ከሆነ* ትከሻው በልኩ ይቀመጣል፣ እጅጌው ግን ክንድ ላይ ይጣበቃል። የሚያስፈልግሽ ሰፋ ያለ እጅጌ እንጂ ሰፊ ትከሻ አይደለም።

*ጀርባ ሰፊ ከሆነ* ፊት ለፊት ስትቆሚ ምንም አይታይም፤ እጅሽን ወደ ፊት ስትዘረጊ ግን ጀርባው ይወጠራል። የሚለጠጥ ጨርቅ ወይም ከጀርባው መሐል ታጥፎ የተሰፋ ሸሚዝ ፈልጊ።

*ደረት ትልቅ ከሆነ* የሚከፈተው የሸሚዙ ቁልፍ ነው። ለቁልፉ ብለሽ ቁጥር ከፍ ብታደርጊ ትከሻው ይወድቃል። ደረቱን በልብስ ሰፊ ማስተካከል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ምን ዓይነት አቆራረጥ እንደሚፈለግ

*አንገት።* ወደ ታች የሚሾል ቪ አንገት ዓይንን ከላይ ወደ ታች ስለሚስብ ይረዳል፤ ጠበብ ብሎ ረዘም ያለው ከሰፊው ይሻላል። ከትከሻ እስከ ትከሻ አግድም የተከፈተ አንገት ግን ስፋቱን በመስመር አስምሮ ያሳያል፤ አትግዢው። አንገት ሥር የሚዘጋ ክብ አንገት ደግሞ ከደረት በላይ ያለውን ሁሉ አንድ ሰፊ ሜዳ ያደርገዋል። ደረት መክፈት የማትፈልጊ ከሆነ መፍትሔው ከላይ ክፍቱን የተተወ ረጅም ጃኬት ወይም ፊቱ ክፍት የሆነ ሹራብ ነው፤ ሁለቱ ጠርዞች ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ።

*እጅጌ።* እዚህ ላይ ብዙ ልብስ ይበላሻል። ትከሻው ላይ ተነፍቶ የተሰበሰበ እጅጌ፣ በጠርዙ ቁልፍ ወይም ዳንቴል የተደረገበት ትከሻ፣ በክንፍ መልክ ወደ ጎን የሚወጣ አጭር እጅጌ፣ ሦስቱም ስፋት ይጨምራሉ። የሚስማማሽ ከአንገት ተነስቶ ወደ ብብት በሰያፍ የሚሰፋው እጅጌ ነው፤ ትከሻ ጫፍ ላይ ስፌት ስለሌለው ትከሻሽ የት እንደሚያልቅ አያስታውቅም፣ አጥንትሽም አይታነቅም። የእጅጌ ርዝመት በክንዱ ሰፊ ቦታ ላይ አይቁም፤ ወይ ከክርን በላይ ጠበብ ከሚለው ቦታ፣ ወይ ከክርን በታች ይውረድ።

እጅጌ ለሌለው ልብስ ማንገቻው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ይቀመጥ። ቀጭን ክር መሳይ ማንገቻ ትከሻን የበለጠ ሰፊ አድርጎ ያሳያል።

*ወገብ።* ወገቡ የሚታወቅ ልብስ ምረጪ፦ ወገብ ላይ የተሰፋ፣ ቀበቶ ያለው፣ ወይም ተደራርቦ በጎን የሚታሰር።

*ከወገብ በታች።* ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጉርድ፣ ሽንሽን፣ ሰፊ ሱሪ፣ ኪሱ ዳሌ ላይ የሆነ ሱሪ። ታይት ሱሪን ከሰፊ ጃኬት ጋር አትልበሺ፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ቀጭን ያደርግሻል።

ቀለምን በተመለከተ ጠቆር ያለው ከላይ፣ ደመቅ ያለው ወይም አበባ ያለው ከታች ይሁን። ግን ቀለም የመጨረሻው ነገር ነው። ትከሻው የተነፋ ጥቁር ሸሚዝ ያው የተነፋ ነው።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ መሞከር

በደሴ ፒያሳ ካሉት ሱቆች መሞከሪያ ያላቸውን አስቀድሚ። ልብሱን ስትለብሺ ይህን በቅደም ተከተል አድርጊ።

1. የትከሻውን ስፌት በጣትሽ ዳስሺ። አጥንቱ ጫፍ ላይ ቢያርፍ ወይም እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። ከጫፉ አልፎ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ተዪው፤ ትከሻ ለማጥበብ እጅጌው መነቀል አለበት፣ ሥራውም ብዙ ነው።
2. ራስሽን እቀፊ። ጀርባው ከተወጠረ ቀኑን ሙሉ ይወጠራል።
3. ሁለት እጆችሽን ወደ ላይ አንሺ። ልብሱ ጥቂት ከፍ ቢል የተለመደ ነው፤ ወገብሽ እስኪጋለጥ ከተነሳና እጅሽን ስታወርጂ ካልተመለሰ የብብቱ ዙሪያ አይሆንሽም።
4. ተቀመጪ። ኮሌታው ወደ ኋላ ከተሳበ ጀርባው አጭር ነው።
5. አሁን ብቻ ወገቡን እዪ። ከጎን ሰብስበሽ በመርፌ ቁልፍ ያዢውና በመስታወት ተመልከቺ። ያማረሽ እንደዚያ ተይዞ ከሆነ ልብሱን ግዢ፤ የቀረው የልብስ ሰፊ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሻጭ "ሲለበስ ይለቃል" ይላል። ሹራብና የሚለጠጥ ካናቴራ ይለቃሉ። የሸሚዝና የኮት ትከሻ አይለቅም። ውስጡ የተተወ ትርፍ ጨርቅም ብዙ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥምና "ልብስ ሰፊ ያሰፋልሻል" ቢሉሽም አትቀበዪ።

*ሰልባጅ ስትገዢ።* በየሳምንቱ ገበያ፣ ለምሳሌ ሰኞ ባቲ ላይ፣ መሞከሪያ ክፍል አትጠብቂ። ሜትርሽንና ልክሽ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ልብሱን ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን ዘርግተሽ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት ለኪ፤ ከትከሻ ወርድሽ ጋር እኩል ወይም በ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይሁን። ከዚያ ብብት ለብብት ለኪና በሁለት አባዢው፤ ለማይለጠጥ ጨርቅ ከደረትሽ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ኮት ከሆነ ከውስጡ ሹራብ ስለሚለበስ 12 ያህል ይብለጥ። አንገትጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኚ፤ የየአገሩ ቁጥር ይለያያል፣ ሰልባጅ ደግሞ ታጥቦ የተኮማተረም ይኖርበታል።

ደረጃ 5፦ የትከሻ ስፖንጅ ማውጣት

ሰልባጅ ኮትና ጃኬት ላይ ብዙ ጊዜ ስፖንጅ አለ። ለሰፊ ትከሻ ይህ አያስፈልግም፤ ሲወጣለት መልኩ ወዲያው የሚለወጥ ኮት ብዙ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ግን ስፖንጁን በእጅሽ ወደ አንገት ገፋ አድርገሽ ያለ እሱ እንዴት እንደሚቀመጥ እዪ።

1. ኮቱን ገልብጪ። ገበር ካለው ከብብቱ በታች ባለው የገበር ስፌት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍቺ። ትከሻው ላይ አትፍቺ፤ መልሶ መስፋቱ ይታያል።
2. እጅሽን አስገብተሽ ስፖንጁ የተያያዘባቸውን ክሮች አንድ በአንድ ቁረጪ። ጎትተሽ አታውጪ፤ ጨርቁ ይቀደዳል።
3. ሁለተኛውንም እንዲሁ። አንዱን ብቻ አውጥተሽ አትለኪ፣ ያዛባል።
4. ትከሻውን በእርጥብ ጨርቅ ላይ በካውያ ተኩሺ።
5. ገበሩን በእጅ ስፊ።

ስፖንጁ ወጥቶ እጅጌው ጫፍ ላይ ጎድጎድ ካለ ጨርቁ የተቆረጠው ለስፖንጅ ነበር ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ከስፖንጁ ሲሶ የሚሆን ስስ ቁራጭ መልሺ፤ ባዶ ካደረግሽው የበለጠ ያስጠላል።

ደረጃ 6፦ ልብስ ሰፊ ጋ

የተገዛ ልብስ ለማስጠበብ ከሆነ ልብሱን ለብሰሽ፣ በመርፌ ቁልፍ እንደያዝሽው አሳዪ። "አጥብቡልኝ" ብቻ ካልሽ ከብብት ጀምረው ያጠብቡታል፣ ያን ጊዜ ክንድሽ ይታነቃል። እንዲህ በዪ፦

"የብብቱን ዙሪያ አይንኩብኝ። ከብብት 4 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብለው ይጀምሩ፣ ወገብ ላይ ይጥበብ፣ ዳሌ ላይ እንደነበረ ይመለስ።"

በየጎኑ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ማጥበብ ካስፈለገ ሁሉም ከጎን አይወሰድ፤ ኪሱና የጎን መስመሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትርፉ ከጀርባ በሁለት ቀጥ ያሉ ማጠፊያዎች ይሰፋ። ትርፉ ጨርቅ እንዳይቆረጥም ንገሪያቸው፤ ከመጠን በላይ ከጠበበ ይፈታል።

አዲስ ልብስ የምታሰፊ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ከደረጃ 1 የጻፍሽውን ወረቀት አሳዪ፣ ልብስ ሰፊውም ራሳቸው ይለኩሽ። ልዩነት ከመጣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጨርቁ አይቆረጥ።
2. በደንብ የሚቀመጥልሽን ልብስ ይዘሽ ሂጂ። ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።
3. በክር ብቻ ተያይዞ ፕሮቫ እንዲደረግ ቀን ያዢ። ፕሮቫ ላይ መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ጎን፣ መጨረሻ እጅጌ ይታይ። እጅጌ ከተሰፋ በኋላ ትከሻ ማስተካከል ሥራውን እንደገና ማስጀመር ነው።
4. ከደረጃ 4 ያሉትን እንቅስቃሴዎች ፕሮቫ ላይ ድገሚ፤ በተለይ ራስን ማቀፍና መቀመጥ።

ስንት ሜትር ጨርቅ? ግማሽ ክብ ጉርድ ለሰፊ ትከሻ ከሁሉም የበለጠ ይስማማል፤ ወገብ ላይ ሳይከመር ታች ይሰፋል። ወገብሽን ለ3.14 ስታካፍዪ ከክቡ መሐል እስከ ወገብ መስመር ያለው ርቀት ይመጣል፤ ወገብ 72 ከሆነ 23 ሴንቲ ሜትር። የጉርዱን ርዝመት 75 ጨምሪ፣ ለስፌትና ለጠርዝ 4 ጨምሪ፣ 102 ይሆናል። ግማሽ ክቡ የዚህ እጥፍ ርዝመት ስለሚፈልግ ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ 2.20 ሜትር ይበቃል፣ ከትርፉም መቀነቱ ይወጣል። ጨርቁ የሚወርድ እንጂ የሚቆም አይሁን።

ደረጃ 7፦ የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሻርፕና አባያ

የሀበሻ ቀሚስ ላይ ነገሩን የሚወስነው ጥበቡ ወይም ጥልፉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከአንገት እስከ ታች በመሐል የሚወርድ ጥበብ ስፋትን ለሁለት ይከፍላል፤ ወርዱ እስከ አንድ መዳፍ ይሁን፣ ከዚያ ከሰፋ ደረትን ይሞላል። ሰፊው ጥበብ ጠርዙ ላይ ይሁን፤ ስፋት የሚፈለገው እዚያ ነው። ትከሻ ላይ የሚያልፍ ወይም ደረት ላይ በአግድም የሚዞር ጥልፍ አታሠሪ። ስዕሉን በወረቀት አሳይተሽ ካልተስማማሽ ጥልፉ ከተጀመረ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሸማው ከመቆረጡ በፊት ውሃ ካልነካው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ይኮማተራል፤ ብብቱ የሚታነቀውም በዚህ ነው። ቤት ውስጥ የምታጥቢው ከሆነ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ንከሪው፣ ሳትጠመዝዢ በጥላ አድርቂው። መጀመሪያ ግን የጥበቡን አንድ ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገሽ እዪ። ቀለም ከለቀቀ አትንከሪ፤ በዚያ ፈንታ ልብስ ሰፊው በብብትና በጎን ትርፍ ጨርቅ እንዲተው ጠይቂ።

ነጠላ ሁለቱም ትከሻ ላይ ተከምሮ ሲቀመጥ ስፋት ይጨምራል። ስስ ነጠላ ምረጪ፣ በአንድ ትከሻ ጣል አድርገሽ አንዱን ጫፍ በፊት በኩል ወደ ታች ልቀቂው። በቤተ ክርስቲያንና በለቅሶ ግን አለባበሱ የራሱ ሥርዓት አለው፤ እሱን ለመልክ ብለሽ አትለውጪ።

ለሂጃብ የሚሆን ሻርፕ ስስና ረዘም ያለ ይሁን። ትርፉን ትከሻ ላይ ሰብስበሽ በስፒል አትያዢው፤ ደረት ላይ ወደ ታች እንዲወርድ ተዪው። አባያ ስትመርጪ ፊቱ ክፍት ሆኖ ከውስጥ በአንድ ቀለም የሚለበሰው፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነው ይሻላል። ከትከሻ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠባብ አባያ ከትከሻ ወርድሽ ውጭ ሌላ አያሳይም። ትከሻው ላይ ጌጥና ድንጋይ የተለጠፈበትንም እለፊው።

ደረጃ 8፦ ብርድና ሙቀት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚቀንስ አየሩ ይለያያል። በደሴ የሚደረብ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ድርብ ትከሻ ላይ ስለሚከመር ከውስጥ ስስና የሚጣበቅ፣ ከላይ አንድ ወፍራም ብቻ አድርጊ። ሦስት ስስ ሹራብ ከመደራረብ አንድ ጥሩ የሱፍ ኮት ይሻላል። የኮቱ ርዝመት ከዳሌ በታች ይሁን፤ ወገብ ላይ የሚያልቅ አጭር ጃኬት ከላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። ለኮምቦልቻ ሙቀት ስስ ጥጥ፣ ከአንገት የሚጀምር እጅጌ ያለው ልብስ ይበቃል።

ሳይሳካ ሲቀር

*ትከሻው ልክ ነው፣ ብብቱ ግን ይይዛል።* ልብስ ሰፊው ከብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ፈትተው ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሰያፍ ያስገቡ። ቁራጩ ከጠርዙ ትርፍ ይወሰድ፣ ክንድ ሲወርድ አይታይም።

*ጀርባው ይወጠራል።* ትርፍ ጨርቅ ከሌለ ከጀርባው መሐል ተቀዶ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይገባል። ተመሳሳይ ጨርቅ ካልተገኘ ሆን ተብሎ የተለየ ቀለም ይደረግ፤ ተቀራራቢ ቀለም ግን ስህተት ይመስላል።

*ጉርዱ ሰፍቶ ትከሻውም ሰፍቶ ሁሉ ነገር ገዘፈ።* ወገቡ አልጠበበም ማለት ነው። ጉርዱን አትቀይሪ፤ የላይኛውን ልብስ ጉርዱ ውስጥ አስገቢና ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ እሰሪ።

*ሠርጉ ነገ ነው፣ ቀሚሱ ትከሻ ላይ አልገባም።* በዚያ ሰዓት ትከሻውን አታስፈቺ። እጅጌው ይነቀል፣ የብብቱ ጠርዝ በትንሹ ታጥፎ ይሰፋ፣ ከላይ ስስ ነጠላ ወይም ፊቱ ክፍት ኩታ ይደረብ። እጅጌውን አስቀምጪ፤ በኋላ ጊዜ ሲገኝ ከብብቱ ሥር ቁራጭ ተጨምሮበት ይመለሳል።